ወዝ የሌለው ብጉር፦ የቪክቶር ዩሽቼንኮ ፊት እንደ ጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ የዩክሬንን የፕሬዚዳንት ምርጫ በዜና የተከታተለ ሰው የአንድ ዕጩ ፊት ሳይረሳው አይቀርም። በጁላይ ፎቶዎች ላይ ቪክቶር ዩሽቼንኮ ለስላሳ ቆዳ ያላቸው የ50 ዓመት ጎልማሳ ናቸው። በኖቬምበር አደባባይ ሲወጡ ጉንጫቸው አብጧል፣ ቆዳቸው ግራጫ መስሏል፣ ፊታቸው በጉብታና በጉድጓድ ተሞልቷል። ሕዝቡ ምን ነካቸው ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥቂት የሕክምና ባለሙያዎች ደግሞ ጉብታዎቹ የትኛው የፊት ክፍል ላይ እንደወጡ ያዩ ነበር።

ጉዳዩን የመረጥኩት ለፖለቲካው አይደለም። ዩሽቼንኮ ዳዮክሲን በተባለ ክሎሪን ያለበት መርዘኛ ኬሚካል ተመርዘው ነበር፤ መርዙን ማን ሰጠ የሚለው ግን በፍርድ ያልተቋጨ ነገር ስለሆነ አልገባበትም። ብጉር የሚመስለውን ሁሉ ብጉር ብሎ ማከም ምን ያህል እንደሚያሳስት፣ በዓይን በደንብ ማየትም ምን ያህል እንደሚያግዝ የሚያሳይ፣ ከዚህ በተሻለ በዝርዝር የተመዘገበ ታሪክ ስለማላውቅ ነው።

ሕመሙ ከሆድ ጀመረ

ዩሽቼንኮ የታመሙት ሴፕቴምበር 5 ቀን 2004 ማታ እራት ከበሉ በኋላ ነው። ራስ ምታት፣ ማስመለስና ከባድ የሆድ ሕመም ያዛቸው። ሴፕቴምበር 10 ቀን ወደ ቪየና ተወስደው ሩዶልፊነርሃውስ በተባለው የግል ሆስፒታል ተኙ። እዚያ የተገኘው ቆሽታቸው መቆጣቱ፣ ጉበታቸው ማበጡ፣ በምግብ መተላለፊያቸው ላይም ቁስለት መኖሩ ነው። ትንሽ ሲሻላቸው ወደ ምርጫ ዘመቻው ተመለሱ፤ ወሩ ሳያልቅ ግን የጀርባ ሕመሙ ስለበረታባቸው እንደገና ቪየና ገቡ። ሕመሙ በተለመደው ማስታገሻ የሚበርድ ስላልሆነ ሞርፊን መሰል መድኃኒት በአከርካሪ አጠገብ በገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጣቸው ነበር።

እያንዳንዱ የታመመ አካል ለብቻው ስም ተሰጥቶታል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያስተሳስር ምክንያት ግን አልተገኘም። ከተቀናቃኞቻቸው ወገን የተበላሸ ምግብ ነው የሚል ወሬም ተነዝቷል።

ቆዳው የመሰከረው ዘግይቶ ነው። ዳዮክሲን በቆዳ ላይ ምልክቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ሰውየው ከተመረዘ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አልጋው አጠገብ የቆመ ሐኪም ሊያይ የሚችለው ያበጠ ፊት ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሐኪሞች ለመውቀስ አልቸኩልም።

በኖቬምበር፣ በለንደን ሴንት ሜሪ ሆስፒታል የሚሠሩት የመርዝ ሕክምና ባለሙያ ጆን ሄንሪ ፎቶግራፎቹን አይተው ይህ ክሎራክኔ (ክሎሪን ያላቸው ኬሚካሎች የሚያመጡት ብጉር መሰል የቆዳ በሽታ) ይመስላል፣ መንስኤውም ዳዮክሲን ሊሆን ይችላል አሉ። በሽተኛውን በአካል አላገኙም፤ የደም ውጤትም በእጃቸው አልነበረም። በፎቶ የሚሰጥ ምርመራ አልወድም። ሄንሪ የሰጡት ግን ጥርጣሬን ከነማረጋገጫ መንገዱ ነው፦ ደሙን ለዳዮክሲን መርምሩ። ዳዮክሲን ደግሞ በተለመደው የደም ምርመራ አይታይም፤ ለእሱ ተብሎ ካልተፈለገ አይገኝም። የዩሽቼንኮ ደም አምስተርዳም ተልኮ ተመረመረ፤ ዲሴምበር 11 ቀን 2004 የቪየናው ሆስፒታል በዳዮክሲን መመረዛቸውን በይፋ አስታወቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዲሴምበር 26 ቀን፣ በድጋሚ የተካሄደውን ምርጫ በዚያው ፊት አሸነፉ።

ከተራ ብጉር በምን ይለያል

ተራ ብጉር የሚጀምረው ከወዝ ነው። ከፀጉር ሥር ጋር የተያያዙት የወዝ ዕጢዎች በጉርምስና ሆርሞኖች ተነሳስተው ቅባት ያበዛሉ። የቀዳዳው ግድግዳ የሞቱ ሕዋሶቹን በወጉ አያራግፍም፤ ቅባቱና የሞተው ቆዳ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። የተደፈነው ቀዳዳ አፉ ከተዘጋ ነጭ ነጥብ፣ ክፍት ከሆነ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ጥቁረቱ እድፍ ስላልሆነ በመፈግፈግ አይለቅም። በቀዳዳው ውስጥ የሚኖረው ኪዩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለ ባክቴሪያ ሲራባና ሰውነት ሲቆጣ፣ ነጥቡ ቀይ ጉብታ ይሆናል፣ መግል ይቋጥራል፣ ከባሰም በጥልቀት የሚያምና ጠባሳ የሚተው እብጠት ይሆናል። ቦታው የታወቀ ነው፦ ወዝ የሚበዛበት ግንባር፣ አፍንጫ፣ ጉንጭና አገጭ፣ ከአንገት በታች ደረትና ጀርባ።

አንድ ሰው ፊት ላይ ነጥቦቹ፣ ጉብታዎቹና መግል የያዙት በአንድ ጊዜ መታየታቸው የተራ ብጉር ጥሩ ምልክት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ እኩያ መጠን ያላቸው ከሆኑ ግን ሌላ ነገር መጠርጠር አለበት።

ክሎራክኔ ሌላ ካርታ አለው። የሚወደው ቦታ ከዓይን ውጫዊ ጥግ በታች ያለው የጉንጭ ክፍልና የጆሮ ኋላ ነው። ተራ ብጉር የማይምረው አፍንጫ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሲከፋ ወደ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ይወርዳል። የሚወጣው ብዛት ያለው ጥቁር ነጥብና ቢጫማ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። መጠኑ ቀላል ሲሆን ቅላትና መግል እምብዛም የለውም፤ እንደ ዩሽቼንኮ ባለ ከባድ መመረዝ ግን እብጠትና መቆጣት አብሮ ይመጣል። ለእኔ ዋናው መለያ ግን ደረቅነቱ ነው። ብጉር ተሞልቶ ወዝ የሌለው ፊት ካዩ፣ ብጉሩ ከወዝ አልመጣም ማለት ነው።

ዕድሜም ይናገራል። በ50 ዓመታቸው፣ ከዚያ በፊት የብጉር ችግር ሳይታይባቸው፣ በሁለት ወር ውስጥ ፊታቸው እንዲህ የሚሆን ወንድ በጉርምስና ብጉር ሊገለጽ አይችልም። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚታሰበው ሮዜሺያ የተባለው ፊትን የሚያቀላና ጉብታ የሚያወጣ የቆዳ በሽታ ነው፤ እሱ ግን የፊትን መካከል ይይዛል፣ አፍንጫን አይምርም፣ ጥቁርና ነጭ ነጥብም የለውም። ነጥቦች መኖራቸውና አፍንጫው መትረፉ ሮዜሺያን ያርቀዋል።

የመርዙ ምልክት ለሕክምናው ዓለም አዲስ አልነበረም። ካርል ሄርክስሃይመር የተባሉት ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም በ1899 በክሎሪን ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያዩትን ይህን ብጉር ክሎራክኔ ብለው ሰይመውታል። ጁላይ 10 ቀን 1976 በጣሊያን ሴቬሶ አጠገብ ከኬሚካል ፋብሪካ ዳዮክሲን ያለበት ደመና ባመለጠ ጊዜ፣ ክሎራክኔ ከያዛቸው መካከል የሚበዙት ልጆች ነበሩ። ከዩሽቼንኮ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1998፣ እዚያው ቪየና ውስጥ ሁለት ሴቶች በዚሁ መርዝ መመረዛቸው ታውቋል። የአንዷ መጠን በአንድ ግራም የደም ስብ 144,000 ፒኮግራም (አንድ ፒኮግራም የግራም ትሪሊዮንኛ ነው) ደርሶ ፊቷና ሰውነቷ በክሎራክኔ ተሸፍኗል፤ 26,000 ፒኮግራም የተገኘባት ሁለተኛዋ ደግሞ የታየባት ቀላል ምልክት ብቻ ነው። በጣም የተመረዘችው ሴት መጀመሪያ ያማረረችው ማቅለሽለሽና የሆድ ሕመም ነበር። ሆዱ ቀደመ፣ ቆዳው ተከተለ። ልምዱ በከተማዋ ነበር ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ብርቅ በሽታ፣ ያየው ሰው አልጋው አጠገብ እስካልቆመ ድረስ፣ ማንም አያስበውም።

ቆዳው ውስጥ የተገኘው

የዩሽቼንኮ ጉዳይ ለቆዳ ሕክምና የተለየ ዋጋ ያገኘው ከዚህ በኋላ በጄኔቭ በተደረገው ክትትል ነው። በዣን ኢሌር ሶራ የተመራው ቡድን በ2009 በላንሴት መጽሔት ባሳተመው ጥናት፣ በደማቸው ስብ ውስጥ የነበረው የቲሲዲዲ (ከዳዮክሲኖች ሁሉ መርዘኛው) መጠን በግራም 108,000 ፒኮግራም እንደነበር ገለጸ። ይህ ባልተመረዘ ተራ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው ወደ 50,000 እጥፍ ነው። መርዙ ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ በቶሎ አይወጣም፤ በእሳቸው ላይ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 15.4 ወር ፈጅቷል። ይህ እንኳ ፈጣን የሚባል ነው፤ መጠኑ አነስተኛ በሆነባቸው ሰዎች ዓመታት ይወስዳል። ሰውነታቸው መርዙን እያደቀቀ ሲያስወግደው፣ የድቃቂዎቹ ምልክት በሰገራና በሽንት ተገኝቷል።

ከቆዳቸው ተቆርጠው በአጉሊ መነጽር የታዩት ናሙናዎች ያሳዩት ነገር ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነው፦ የወዝ ዕጢዎቹ ጠፍተዋል። ዳዮክሲን በሕዋስ ውስጥ አሪል ሃይድሮካርቦን ከተባለ ተቀባይ ጋር ይጣበቃል፤ ያኔ የወዝ ዕጢ መሆን የነበረባቸው ሕዋሶች መንገዳቸውን ስተው ወደ ላይኛው የቆዳ ዓይነት ይለወጣሉ። በዕጢው ቦታ ከረጢት ይበቅላል። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ መርዝ የሚያደቅ ሲዋይፒ1ኤ1 የተባለ ኢንዛይም በብዛት ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ በሽታው ብጉር ስላልሆነ ስሙም ሊቀየር ይገባል እስከማለት ደርሰዋል። ቆዳው መርዙን በማድቀቅ ሥራ ተሳትፎ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳባቸውም የመጣው ከዚሁ ነው፤ እኔ እንደ ሐሳብ እይዘዋለሁ።

ለሕክምና ይህ ምን ማለት ነው? ለከባድ ብጉር ከሁሉ የሚበረታው መድኃኒት አይሶትሬቲኖይን ነው። ዋና ሥራው የወዝ ዕጢን ማኮሰስ ነው። ዕጢው አስቀድሞ በጠፋበት ቆዳ ላይ የሚያኮሰው የለም፤ ክሎራክኔ ለብጉር መድኃኒቶች አልበገር የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መርዙን የሚያከሽፍ መድኃኒትም የለም። ለዩሽቼንኮ ከረጢቶቹንና ጉብታዎቹን በማደንዘዣ በተደጋጋሚ በቀዶ ማውጣት አስፈልጓል፤ ቆዳውም ቀስ በቀስ የተሻለው የመርዙ መጠን በዓመታት ውስጥ እየወረደ ሲሄድ ነው። ጠባሳው ቀርቷል። በጣም ለተመረዘችው የቪየና ሴት፣ ስብን ይዞ ሳይፈጭ የሚወጣ ኦሌስትራ የተባለ ሰው ሠራሽ ስብ እንድትበላ ተደርጎ መርዙ በሰገራ ቶሎ እንዲወጣ ረድቷል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ቆዳውን ግን በአንድ ሌሊት አያድስም።

ወደ ተለመደው ብጉር ስንመለስ

ይህን የሚያነብ ሰው ክሎራክኔ የመያዙ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ከጉዳዩ የሚወሰደው የአመለካከቱ ቅደም ተከተል ነው፦ ነጥቦች አሉ ወይስ የሉም? የትኛው ቦታ ላይ? ቆዳው ወዛም ነው ወይስ ደረቅ? ጉብታዎቹ ይለያያሉ ወይስ ሁሉም እኩያ ናቸው? ያሳክካል? ከመውጣቱ በፊት ምን ተቀባ፣ ምን ተወሰደ፣ የት ተሠራ? እነዚህን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝ ሰው፣ ሐኪምም ይሁን ጎረቤት፣ እየገመተ ነው።

በብዛት የሚያሳስቱት ሁለት ናቸው። አንደኛው በፀጉር ሥር የሚራባ ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ ነው። ግንባር፣ ደረትና ላይኛው ጀርባ ላይ እኩያ የሆኑ ትናንሽ ጉብታዎች ያወጣል፤ ጥቁር ነጥብ የለውም፤ ያሳክካል። ብጉር ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ሲሰጠው ይብሳል፣ ምክንያቱም አንቲባዮቲኩ ፈንገሱን ሳይነካ ተፎካካሪ ባክቴሪያዎቹን ይገድልለታል። የሚሻለው በፀረ ፈንገስ ነው።

ሁለተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ የስቴሮይድ ብጉር ነው። ቆዳ ያቀላል፣ ማዲያት ያጠፋል እየተባሉ የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶች ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው፤ አንዳንዴም በማሸጊያው ላይ አይጻፍም። መጀመሪያ ፊቱ ጥርት ይላል፤ ብጉር የነበረበትም የዳነ ይመስለዋል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ እኩያ ቀያይ ጉብታዎች ይወጣሉ፣ ቅባቱን ለማቆም ሲሞከር ይቃጠላል ያብጣልም። ሰውየው ያየው ቅባቱን ሲያቆም መባሱን ስለሆነ ተመልሶ ይቀባል። ከዚህ አዙሪት መውጫው ማቆም ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው ግን እንዴት ማቆም እንዳለበት የቆዳ ሐኪም ቢመራው ይሻላል።

ተራው ብጉር ከሆነ አያያዙ ከሚወራው ይልቅ ቀላል ነው። በቀን ሁለት ጊዜ በለዘብተኛ ማጽጃና ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ይበቃል። በሻካራ ነገር መፈግፈግ ቆዳውን ያስቆጣል፣ ብጉሩን አይቀንስም። ነጥብ ለሚበዛበት ፊት ቀዳዳ እንዳይደፈን የሚያደርገው 0.1 በመቶ አዳፓሊን ማታ ማታ ይቀባል፤ ጉብታና መግል ላለበት ደግሞ ባክቴሪያ የሚገድለው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይጨመራል። 2.5 በመቶው ከጠንካሮቹ እምብዛም ሳያንስ የማስቆጣት ጉዳቱ ያነሰ ስለሆነ እኔ ከእሱ መጀመርን እመርጣለሁ፤ ጨርቅ ያነጣልና ትራስ ላይ ይጠንቀቁ። አዳፓሊን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደርቃል፣ ይልጣል፤ አንድ ቀን እየዘለሉ በቀጭኑ መጀመርና የማይደፍን ማለስለሻ መቀባት ያስችለዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን አዳፓሊንን አትጠቀምም። ጉብታው ላይ ብቻ ጠብ ማድረግ ሳይሆን ብጉር የሚወጣበትን አካባቢ በሙሉ መቀባት ነው የሚሠራው፤ ምክንያቱም ነገ የሚያብጠው ቀዳዳ ዛሬ ተደፍኗል።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ አይሠራም ብሎ መተው የብዙ ሕክምና መክሸፊያ ነው። አንቲባዮቲክ ብቻውን መቀባት መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ስለሚያፈራ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ይጣመራል፤ የሚዋጠውም ከ3 እስከ 4 ወር ባይበልጥ ይመረጣል። በጥልቀት የሚያብጥና ጠባሳ የሚተው ብጉር ያለበት ሰው ደግሞ በቅባት ጊዜ አያጥፋ፤ አይሶትሬቲኖይን ለእሱ ነው። ይህ መድኃኒት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ መውለድ የምትችል ሴት ያለ እርግዝና ምርመራና ያለ አስተማማኝ መከላከያ አትወስደውም። ድንገት የሚያብጥና የሚቆስል ብጉር ከትኩሳትና ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሁለት ነገር ይለወጣል። ቅላት በደንብ ስለማይታይ መቆጣቱ ቀላል ይመስላል፤ ስለዚህ በጣት ዳሰስ አድርጎ ሙቀቱን፣ ጥንካሬውንና ሕመሙን ማየት ያስፈልጋል። ብጉሩ ከከሰመ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከብጉሩ ይበልጥ ያስጨንቃል። ይህ ምልክት ጠባሳ አይደለም፤ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። የሚያዘገየው ፀሐይና መጭመቅ ነው። ቢያንስ 30 የመከላከል አቅም (SPF) ያለው የፀሐይ መከላከያ በየጠዋቱ ከመቀባት የበለጠ ምልክቱን የሚያግዝ ርካሽ ነገር አላውቅም። ወደ ማቅለያ ቅባት የሚወስደው መንገድም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ምልክት ስለሆነ፣ ሐኪሙ ብጉሩን ሲያክም ስለ ምልክቱ አብሮ ቢናገር ታካሚውን ከሌላ በሽታ ያድነዋል።

ክሎራክኔን የሚያስጠረጥረው ሁኔታ የታወቀ ነው። አዋቂ ሰው፣ ብጉር ያልነበረበት፣ በሳምንታት ውስጥ በጉንጩ ዳርና በጆሮው ኋላ ጥቁር ነጥብና ከረጢት ሲሞላ፣ ቆዳው ሲደርቅ፣ ሥራውም ክሎሪን ካላቸው ኬሚካሎች፣ ከፀረ አረም ማምረቻ ወይም ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ጋር ሲያያዝ። ያኔ የሚጠየቀው የእሱ ፊት ብቻ አይደለም፤ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ፊትና የቤተሰቡም ነው፣ ምክንያቱም መርዙ በሥራ ልብስ ቤት ይገባል። ለምርመራ የሚወሰደው ደም ለዳዮክሲን ተብሎ ልዩ ላቦራቶሪ መላክ አለበት፤ እስከዚያው ሰውየው ከመርዙ ቦታ ይነሣል።